የመንገድ መሪ ካርታ ስለ ማዘጋጀት

መንገዱ ያልታወቀ አገር፥ ርዳታ ቢላክለትም በጊዜው አይደርስለትም። ይህም በሔይቲ ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን የምድር መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርት ኦ ፕሪንስን ባፈረሰ ጊዜ፥ ለርዳታ ሰጪዎች የሚበቃ ዝርዝር ካርታ አልነበረም። ስለዚህ ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው የካርታ ሥራ የተባበሩ በጎ ፈቃደኞች፥ ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶግራፍ እያዩ መንገዱንና ተፈናቃዮች የሰፈሩበትን ቦታ በኮምፒዩተር ነደፉ። ሥዕሉም ለጂፒኤስ መሣሪያ በሚስማማ መልክ ተለውጦ በነፍስ አድን ሠራተኞች እጅ ገባ። መሣሪያው ከሰማይ ምልክት ተቀብሎ ሰው ያለበትን ስፍራ ይነግራል እንጂ፥ ካርታ ካልተጫነበት መንገዱን አያውቅም። የመንደሩንም ስም ከፎቶግራፍ ማንበብ አይቻልም፤ የሚያውቀው ነዋሪው ነው። እንግዲህ ወረዳ የሚያስተዳድር ሁሉ፥ ድልድዩን፥ የውሃውን ጕድጓድና የበጋውን መንገድ ከነስሙ አስቀድሞ ሊያስመዘግብ ይገባዋል፤ ካርታ የሚሠራው መከራ ሳይመጣ ነውና።