ከእህሉ ጋር መድረስ ያለበት ሥራ፦ የወረዳ ጤና ቦርድ የዕለት ተዕለት ተግባር

ድርቅ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የእህል እጥረት ነው። ይሁን እንጂ አዝመራው ሲጠፋና ከብቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ ወደ እህል ማከፋፈያ ጣቢያ ይጎርፋል። ቀድሞ በየሸንተረሩ ተራርቆ ይኖር የነበረው ቤተሰብ በአንድ ሜዳ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ከአንድ ኩሬ ይቀዳል፤ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይጸዳዳል። ከዚያ ወዲያ ረሃብ ያደከመውን ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች ወይም ወባ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ1992 ዓ.ም. በጎዴ የደረሰው ነው። በዚያ ድርቅ ወቅት በአካባቢው በተደረገ ጥናት ከተመዘገቡት ሟቾች መካከል 159ኙ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 35ቱ የሞቱት በኩፍኝ ወይም ኩፍኝና ክሳት ተደራርበውባቸው ነው። ከአምስት እስከ አሥራ አራት ዓመት ዕድሜ ከነበሩት 72 ሟቾች መካከልም 12ቱ በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። ኩፍኝ በክትባት የሚከለከል በሽታ ነውና እነዚህን ልጆች ለማትረፍ እህል ብቻውን አይበቃም ነበር። ክትባቱ ደግሞ ከሕዝቡ መሰባሰብ ጋር እኩል መድረስ ነበረበት። ይህን የማድረስ ኃላፊነት በቅርብ የሚመለከተው የወረዳው የጤና አካል ነው።

የቦርዱ አቋም

በወረዳ ደረጃ የሕዝብ ጤናን ሥራ የሚመራው አካል እንደየጊዜውና እንደየቦታው ቦርድ፣ ኮሚቴ ወይም ግብረ ኃይል ሲባል ቆይቷል። ስሙ ቢለያይም ተግባሩ አንድ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ የውኃ፣ የግብርናና የትምህርት ክፍሎች፣ አስተዳደሩ፣ የሕዝብ ተወካዮችና በአካባቢው የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ይህ አሠራር በአገራችን ሥር ያለው ነው። በደምቢያ ሜዳ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው እልቂት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያውን አብረው እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን የነበረው፣ ሐኪም ብቻውን መንደርን ሊያድን እንደማይችል ታውቆ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየገጠር ቀበሌው በተለምዶ ሁለት ሠራተኞች ተመድበዋል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይተዳደራሉ። እንግዲህ የቦርዱ ዓይንና ጆሮ እነዚህ ሠራተኞች ናቸው። ቤት ለቤት ስለሚዞሩ የትኛው ቤት ሕፃን እንደታመመበት ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

ሞትን መቁጠር

ቦርዱ በየማለዳው ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ትናንት ስንት ሰው እንደሞተ ነው። በአደጋ ጊዜ ከ10,000 ሕዝብ ውስጥ በቀን አንድ ሰው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ ከ10,000 ሕፃናት ሁለት የሞቱ እንደሆነ ሁኔታው ከአሳሳቢ ደረጃ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህም በ5,000 ሰው ጣቢያ ሲመነዘር በሁለት ቀን አንድ ቀብር ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 1,000ው ሕፃናት ቢሆኑ በአምስት ቀን አንድ ሕፃን ማለት ነው። ቁጥሩ በዓይን ሲታይ አነስተኛ ስለሚመስል፣ በየቀኑ ካልተጻፈ በቀር አደጋው መድረሱን የሚያስተውል አይኖርም።

ይህን ቆጠራ በጤና ጣቢያው መዝገብ ብቻ መወሰን ስሕተት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሞተው በመጠለያው ውስጥ ነውና። ስለሆነም ልምድ ያለው ቦርድ የቀብር ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ይመድባል፤ ከዕድር ዳኞች፣ ከካህናትና ከሼኮች ጋር በየዕለቱ ይነጋገራል፤ አዲስ የተቆፈሩትን መቃብሮች ትልቅና ትንሽ ብሎ ለይቶ ያስቆጥራል።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ሞት የሚመዘግበው ሰውና የራሽን ካርድ የሚሰርዘው ሰው አንድ ከሆነ፣ ቤተሰቡ የሟቹን ድርሻ እንዳያጣ ሲል ሞቱን ይደብቃል፤ አስከሬኑንም በሌሊት ይቀብራል። ልጁን ቀብሮ ለተረፉት ልጆቹ እህል የሚያስብ አባት ሊወቀስ አይገባም። የሚገባው የሞት መዝገቡን ከራሽን መዝገቡ ፈጽሞ መለየት፣ ይህንንም ለሕዝቡ በይፋ ማስታወቅና የቀብር ጨርቅ በነጻ መስጠት ነው። እንዲህ ሲደረግ መዝገቡ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ውኃና መጸዳጃ

ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ማቅረብ በአደጋ ጊዜ ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ መለኪያ ነው። ለ5,000 ሕዝብ ይህ 75,000 ሊትር ሲሆን፣ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ በየቀኑ ሰባት ተኩል ምልልስ ይጠይቃል። ቦርዱ ይህን ስሌት ሠርቶ ለአስተዳደሩ ያላቀረበ እንደሆነ፣ አንድ ቦቴ በቀን አንድ ጊዜ እየመጣ «ውኃ ቀርቧል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ግን ሁለት ሊትር ነው፤ ይህም ከመጠጥ ተርፎ ለእጅ መታጠቢያ አይሆንም።

የውኃው መጠን ከተሟላ በኋላ ጥራቱ ይከተላል። ደፍራሽ ውኃ ክሎሪንን ስለሚያባክን አስቀድሞ እንዲጠል ይደረጋል። ከዚያም 70 ከመቶ ኃይል ካለው የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጥና 1 ከመቶ የሆነ መነሻ ድብልቅ ይዘጋጃል። ይህ ድብልቅ በአራት ባልዲ ውኃ ላይ በተለያየ መጠን ተጨምሮ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን የታየበት ባልዲ ለገንዳው የሚጨመረውን መጠን ያመለክታል። የተቆጣጣሪው ሥራ በዚህ አያበቃም። ቧንቧው ላይ ንጹሕ የነበረ ውኃ በቆሸሸ ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ክሎሪኑ ያልቃልና፣ ወደ መጠለያዎቹ ገብቶ ከየቤቱ ጀሪካን ጥቂት እየቀዳ መለካት ይኖርበታል።

መጸዳጃን በተመለከተ ውሎ አድሮ ለ20 ሰው አንድ መቀመጫ እንዲደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ እንዲኖር ይፈለጋል። 5,000 ሕዝብ ላለበት ጣቢያ ይህ በቅድሚያ 100፣ ቀጥሎም 250 መቀመጫ ነው። ጉድጓዱ ከውኃ ምንጭ ከ30 ሜትር ያላነሰ መራቅ አለበት። ከመጠለያው ግን ከ50 ሜትር በላይ ከራቀ በጨለማ የሚሄድበት አይገኝም፤ በተለይ ሴቶችና ሕፃናት አይጠቀሙበትም። የሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይቶ ካልተሠራና በር ካልተበጀለትም ተቆፍሮ ባዶውን ይቀራል። እነዚህን ጉዳዮች ቦርዱ የሚያውቀው ከጽሕፈት ቤት ሳይሆን ሴቶቹን ጠይቆ ነው።

ከዚህም ሌላ የንጽሕና ባለሙያው በጣቢያው ዙሪያ የሚበቅሉትን ሻይ ቤቶችና ሥጋ መሸጫዎች፣ እንዲሁም የእህል መጋዘኑን በየሳምንቱ ይጎበኛል። በብርዳማ ደጋ ደግሞ ልብስና ብርድ ልብስ በሌለበት መጨናነቅ ቅማል ስለሚያበዛ፣ ተስቦና ግርሻ እንዳይነሡ ልብስ የሚቀቀልበትን በርሜልና ማገዶ ያዘጋጃል።

ክትባትና ልኬት

በተጨናነቀ ጣቢያ አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከተገኘ ሁለተኛው እስኪታይ መጠበቅ አይገባም። የጎዴው ልምድ እንዳሳየው በሽታው ከአምስት ዓመት በላይ ያሉትንም ልጆች ይገድላል። በመሆኑም በአደጋ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉት ሁሉ ቫይታሚን ኤ ከሚገባቸው ሕፃናት ድርሻ ጋር እንዲከተቡ ይደረጋል። ዘጠኝ ወር ሳይሞላቸው የተከተቡት ደግሞ ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው ይደገምላቸዋል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መያዝ ስላለበት፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የማቀዝቀዣውን መለኪያ አይቶ መጻፍ የማይዘለል ተግባር ነው። አንድ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጆች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ስለዚህ አንዳንድ ሠራተኛ መድኃኒቱ እንዳይባክን ሲል አሥር ልጅ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ለሁለትና ለሦስት ልጅ መክፈት ይፈራል። እናቲቱ ግን ከሩቅ ተጉዛ መጥታ ሳታስከትብ ከተመለሰች ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። በአደጋ ጊዜ ብልቃጥ ቢባክን እንደማያስጠይቅ ቦርዱ በጽሑፍ ለሠራተኞቹ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ከክትባቱ ጋር ከ6 ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት የክንዳቸው ዙሪያ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ወይም ሁለት እግሮቹ ያበጡ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ምግብ ይላካል፤ እስከ 12.5 ያለው ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል። እብጠቱን አንዳንድ ወላጅ ውፍረት ስለሚመስለው ማስረዳት ያስፈልጋል።

በሰፈራ ጣቢያዎች

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ፣ ብዙውም ሳይወድ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች እንዲሰፍር ተደርጓል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በየክልሉ ውስጥ ሌላ የሰፈራ ፕሮግራም ተካሂዷል። በሁለቱም ጊዜያት ብዙው ሰፋሪ የደጋ ሰው ሲሆን የገባበት አገር ወባማ ቆላ ነበር። በደጋ ያደገ ሰው ወባን የመቋቋም ኃይል በሰውነቱ ስለሌለ ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይታመማል። ጎልማሳው በመኸር ወራት ሲተኛ ደግሞ የመጀመሪያው አዝመራ ሳይሰበሰብ ይቀራል፤ ሰፋሪውም ለሁለተኛ ጊዜ እርዳታ ጠባቂ ይሆናል። ወባ የለመደውን አካባቢ አልፎ ሲነሣ ምን ያህል ሕዝብ ሊጨርስ እንደሚችል በ1950ና በ1951 ዓ.ም. የደረሰው ወረርሽኝ አሳይቷል፤ በዚያ ጊዜ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል።

ወባ በአብዛኛው የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ይህም ለሥራው የጊዜ ሰሌዳ ይሰጣል። አጎበሩ የሚታደለው፣ ቤቱ በመድኃኒት የሚረጨው፣ የመመርመሪያው ኪትና መድኃኒቱ ወደ ጤና ኬላው የሚገባው መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ በፊት ነው። ከሁሉ በላይ የሰፈራው ቦታ ሲመረጥ የጤና ቦርዱ አባል በቦታው መገኘት አለበት። ለም መሬትና ወንዝ አጠገብ ለእርሻ የሚስማማ ቦታ ለወባ ትንኝም ይስማማልና፣ መንደሩ ከረግረጉ ርቆ ከፍ ባለ ሥፍራ እንዲቆረቆር የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚቀርብ አስተያየት ዋጋው አነስተኛ ነው።

ሪፖርትና ስምን በስሙ መጥራት

ከሰኞ እስከ እሑድ የታየው የወባ፣ የተቅማጥ፣ የተስቦ፣ የግርሻና የከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕመምተኛ ቁጥር በየሳምንቱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳና ወደ ላይ ይተላለፋል። እንደ ኮሌራና ኩፍኝ ያሉት ግን የሳምንቱን መጨረሻ ሳይጠብቁ ወዲያው በስልክ የሚነገሩ ናቸው። በዚህ ሥራ «ምንም የለም» የሚለው ቃል ራሱ ሪፖርት ነው። ዜሮ የጻፈ ጤና ኬላ አይቶ አለመኖሩን ይመሰክራል፤ ባዶ ቦታ የተወ ግን ምን እንዳለ አይታወቅም። ስለሆነም ቦርዱ በየሳምንቱ ስብሰባው አስቀድሞ የሚጠይቀው ያልደረሰውን ሪፖርት ነው። ብዙ ጊዜ ዝም ያለው ቀበሌ ሠራተኛዋ ራሷ የታመመችበት ወይም ሕዝቡ በሌሊት የተነሣበት ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ፈተና የበሽታው ስም ነው። ኮሌራ የሚለው ቃል ገበያንና የኃላፊን ስም ይጎዳል በሚል ፍራቻ ለዓመታት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ ሲጻፍ ቆይቷል። በሽታው በስሙ ባልተጠራበት ጊዜ መድኃኒቱም፣ ክሎሪኑም፣ ክትባቱም ሳይጠየቅ ይዘገያል። በወቅቱ የተነገረ ኮሌራ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር በቀላሉ ይታከማል፤ የተደበቀው ግን በቀናት ውስጥ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይሻገራል።

ከላይ የተዘረዘሩት ተግባራት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ በየቀኑ መደጋገምን ግን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የእህል ጭነት ሲታዘዝ በዚያው ደብዳቤ ክሎሪኑ፣ አካፋና ዶማው፣ ክትባቱና የቀብር ቦታውን የሚጠብቀው ሰው አበል አብረው ሊታዘዙ ይገባል። እህሉ ደርሶ እነዚህ ከዘገዩ፣ እህሉን ሊበላ የመጣው ልጅ ራሽኑ ሳይደርሰው ሊቀበር ይችላል።