ስለ አኳሪየም አሸዋ አመራረጥ

አሸዋ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔም እስከ 2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ድረስ እንደዚያው እል እንደ ነበር አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

የሳይንስ ክበባችን አኳሪየም የሚባለውን የዓሣ ማኖሪያ የመስተዋት ገንዳ በቤተ ሙከራው ውስጥ ባቆመ ጊዜ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን አሸዋ የማምጣቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። እኔም ብዙ ሳልደክም በሠፈራችን ቤት ከሚሠራበት ቦታ አንድ ከረጢት አስፈቅጄ አመጣሁና አንድ ጊዜ ብቻ ለቅለቅ አድርጌ አነጠፍሁት። ዐርብ ማታ አራት ወርቅማ ዓሦች ከትተን ሄድን። ሰኞ ጧት ብንመለስ አራቱም ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ተንሳፈው አገኘናቸው። ምግብ እንዲሰጡልን አደራ ያልናቸው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ነበርና፣ «ጋሼ፣ ምን አብልተዋቸው ነው?» ብዬ በጓደኞቼ ሁሉ ፊት ተናገርኋቸው። እርሳቸውም «የሰጣችሁኝን ነው ልጄ፣ ያውም በቁንጥር» ብለው ዝም አሉ።

ነገሩ የተገለጠው የኬሚስትሪ መምህራችን ውሃውን በፒ.ኤች. ወረቀት እንድለካ ባዘዙኝ ጊዜ ነው። የቧንቧው ውሃ 7 ተኩል ያህል ሲሆን የገንዳው ግን ወደ 10 ተጠግቶ ነበር። በዚህ መለኪያ 7 ማለት አሲድም ቤዝም ያልሆነ ማለት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ አንድ ቁጥር በጨመረ መጠን ቤዝነቱ 10 እጥፍ ይሆናል። ለካስ ከአሸዋዬ ጋር የተቀላቀለው የሲሚንቶ ብናኝ በውሃ ውስጥ ኖራ ይለቅ ኖሯል! እንዲህ ያለው ውሃ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ዓሣው ራሱ የሚያወጣው አሞንያም በዚህ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ እጅግ ይበረታል።

እንግዲህ አሸዋ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከምን ድንጋይ እንደ መጣ ነው። ከኳርትዝ የሆነ አሸዋ በውሃ ስለማይሟሟ የውሃውን ጠባይ አይለውጥም። የኖራ ድንጋይ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ያለበት ግን ቀስ በቀስ እየሟሟ ፒ.ኤቹን ከፍ ያደርገዋል። (እንደ ታንጋኒካ ሐይቅ ላሉ ዓሦች ይህ ይስማማቸዋል፤ ለብዙዎቹ ግን አይሆንም።) ይህንንም ለማወቅ በደረቅ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋው ትንሽ ሊሆን ይችላልና ጆሮን አቅርቦ ማዳመጥም ይጠቅማል። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ በአቼቶ ብቻ ማመን አቃተኝ። ከወንዝ የመጣውን አዲስ አሸዋ በባልዲ ውሃ ውስጥ 7 ቀን አቆየሁት፤ አሸዋ የሌለበት ሌላ ባልዲም ለማስተያየት አጠገቡ አኖርሁ። የሁለቱ ልኬት አንድ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳይ የቅንጣቱ መጠን ነው። ወርቅማ ዓሣ ምግቡን የሚፈልገው አሸዋውን በአፉ ዘግኖ እያላመጠ መልሶ በመትፋት ስለሆነ፣ ጠጠር ቢሆን በጉሮሮው ሊሰነቀርበት ይችላል። እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ደግሞ ይጠቀጠቅና አየር አጥቶ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያመጣል። 1 ሚሊሜትር ያህል የሆነው ይሻላል ብዬ በእናቴ ወንፊት ነፋሁት፤ ወንፊቱን ከዚያ በኋላ አልተቀበለችኝም። ገንዳችን 60 በ30 ሳንቲሜትር ስለሆነ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 11 ኪሎ ያህል በቃን።

አጠባው እጅ ያዝላል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ 14 ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይነካውም።

አዲሶቹ ዓሦች በገቡ ቀን ያን ጊዜ የነበሩትን ጓደኞቼን ሁሉ ሰብስቤ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ጎንበስ ብለው ገንዳውን ሲመለከቱ ቆዩና «አሸዋውን ይበሉታል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ቅዳሜና እሑድ የሚያበሏቸው እርሳቸው ናቸው።