ለንብ የሚያብብ ሰደም

የቦሌ ችግኝ ሻጮች ቅጠለ ወፍራሞቹን ተክሎች ሁሉ ባንድ ስም «ሰኩለንት» ይሏቸዋል። ከእነዚያ መካከል ቅጠሉ እንደ ነፈረ ባቄላ ያበጠው፣ ሲነኩት እርግፍ የሚለው ሰደም ነው። ገዥው ወስዶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ውሃ አጥብቆ ስለማይጠይቅ ይወደዳል። እዚያው አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ፣ ቀጥኖ ይኖራል፤ አበባ ግን አያወጣም። ሰደም አበባ እንዳለው ሳያውቁ ዓመታት ያሳደጉት ሰዎች አሉ።

አበባው ባለአምስት ጫፍ ትንሽ ኮከብ ነው፤ በአንድ ግንድ ጫፍ ላይ ብዙ ሆኖ ተሰብስቦ ይወጣል። ቅስሙ ገላጣ ላይ ስለሆነ ምላሷ አጭር የሆነች ንብም፣ አበባ የምትጎበኝ ዝንብም ያለ ችግር ትደርስበታለች። በዚህ ከአገራችን እንዳሁላ ይለያል። እንዳሁላ፣ በባህል ሕክምና ለቁስልና ለንፍፊት የሚፈለገው፣ የሰደም የሥጋ ዘመድ ነው። የእርሱ አበባ ግን ባለአራት ቅጠል ሆኖ ቱቦ ይሠራል፤ ቅስሙን የሚያገኘው ምላሰ ረጅሙ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ ሰደሞችም አሏት፤ አንዱ በባሌ ስም ተሰይሟል።

ሰደምም እንዳሁላም ክራሱላሴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡ ጥበብ ሌሊት መተንፈስ ነው። ፀሐይ ሳለች የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል፤ ሲጨልም ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያከማቻል፤ በነጋታው በዚያ ምግቡን ይሠራል። ሳይንስም ዘዴውን በዚሁ ቤተሰብ ስም ይጠራዋል። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው የቦሌ አራብሳ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ የበረንዳ ጓደኛ አይገኝም።

የዝርያ ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት ለንብ የሚመከረው ትልቁ፣ ሮዝ አበባው የመኸር ሰደም የሚያብበው ረጅም ቀን ሲያገኝ ነው። የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ እዚህ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለእኛ የሚስማሙት የሜክሲኮ ደጋ ልጆች ናቸው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ። የሜክሲኮ ደጋ ዝናብም እንደ እኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። (የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ላለችው አገር አደባባይ ሰይመናል፤ አበባዋን መትከል ያንሳል?) ከሜክሲኮዎቹ ሰደሞች አንዱ ሰደም ፕራያልተም ነው፤ እንደ ቁጥቋጦ አድጎ ቢጫ ኮከቦቹን የሚዘረጋው በደረቁ ወራት ማብቂያ ላይ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላ ንብ ምን ጎደላት? የምትቸገረው ሣሩ ከደረቀ በኋላ፣ ይህ ሰደም በሚያብብበት ጊዜ ነው።

የቦሌ ዋልካ አፈር ግን ለሰደም ሞት ነው። ክረምት ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉትን ቀይ ጠጠር ከግማሽ ያላነሰ አድርጎ ከአፈርና ከጥቂት ብስባሽ ጋር መቀላቀል ነው። ዕቃው የቀለም ቆርቆሮ ቢሆንም ይሁን፤ ብቻ ታቹ ይበሳ።

ማባዛቱ የልጅ ጨዋታ ነው። ቅጠሏን ከነመሠረቷ ነቅሎ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን መተው፤ ቁስሏ ይደርቃል። ከዚያ አፈሩ ላይ ማስተኛት እንጂ መቅበር የለም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ሥርና ጥቃቅን ቡቃያ ታወጣለች። ቶሎ አበባ የፈለገ ግን የጣት ርዝመት ያለው ግንድ ይቁረጥ፤ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፎ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ይትከል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቆርጠው ወዲያው በመትከልና ውሃ በማፍሰስ ነው። ጊዜው ዝናቡ ሲወጣ፣ ጥቅምት ነው፤ ሐምሌ ላይ መጀመር ለብስባሴ መስጠት ነው።

ከዚያ በኋላ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ያግኝ። ማዳበሪያ አይብዛበት፤ ይለመልምና አበባውን ይረሳል። ሲያብብ ፀረ ተባይ አይረጭበት፤ የተረጨው መርዝ የሚገድለው የጋበዝናትን ንብ ነው።

ጎረቤትዎ በረንዳ ላይ ሰደም ካዩ ችግኝ ሻጭ ዘንድ አይሂዱ። አንድ ግንድ ይለምኑ፤ የተቆረጠበት ቦታ መልሶ ይበቅላል።