ቪዲዮው ለምን ይንቀራፈፋል? ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት

ከላላ ያለ አንድ ወጣት ጓደኛውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁሞ በስልኩ ቀረጸው እንበል። ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴውን አጥፍቶ ከጀርባው የአባይን ሸለቆ አስገባበት። እንዲህ ምስል በምስል ላይ መደራረብ ኮምፖዚቲንግ ይባላል። ሲያጫውተው ግን ቪዲዮው ቆም፣ ቆም ይላል። ታዲያ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ማለት ነው? እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ።

በአገራችን ቴሌቪዥን የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 25 ምስል ነው። ስለዚህ ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ምስሉን ከዲስክ ያነባል፣ አረንጓዴውን ይለያል፣ ይደራርባል፣ ቀለም ያስተካክላል። ይህ ሁሉ 100 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት በሰከንድ የምታዩት 10 ምስል ብቻ ይሆናል።

እንጀራን አስቡ። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ምጣድ ከተጣደ መጠበቁ አይቀርም። ቀድሞ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ከቆየ ግን ወዲያው ይቀርባል። ሶፍትዌሩም አንዴ ያሰላውን ምስል ራም ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ካሽ ይባላል። አፍተር ኢፌክትስ ላይ ከታይምላይኑ በላይ የሚታየው አረንጓዴ መስመር «ይህ ተጋግሯል» እንደማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስታጫውቱት ለስለስ ብሎ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

መሶብ ግን ይሞላል። ባለ 1920 በ1080 ምስል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግልጽነት እያንዳንዳቸው 2 ባይት ከያዙ አንዱ ምስል 16.6 ሜጋባይት፣ አንዱ ሰከንድ ደግሞ 415 ሜጋባይት ገደማ ነው። 8 ጊጋባይት ባዶ ራም የሚይዘው 19 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው!

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። በምትሠሩበት ሰዓት ስፋቱንም ቁመቱንም በግማሽ ቀንሱ። ነጥቦቹ ወደ ሩብ ይወርዳሉ፤ ያው ራም 77 ሰከንድ ይይዛል፣ ስሌቱም ይቀላል። ሙሉ መጠኑን መጨረሻ ላይ ትመልሱታላችሁ። ያለቀውን ክፍል ለብቻው ሬንደር አድርጋችሁ መልሳችሁ አስገቡት። እንደ ብዥታ ያሉ ከባድ ኢፌክቶችን ደግሞ እስከዚያው አጥፏቸው።

ኢፌክቱን ሁሉ አጥፍታችሁም ከተንቀራፈፈስ? ያኔ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው። የስልክ ቪዲዮ እጅግ የታመቀ ነው፤ አብዛኛው ምስል ከጎረቤቱ የተለየበትን ብቻ ስለሚይዝ አንዱን ለማየት ሌሎቹም መፈታት አለባቸው። እያንዳንዱ ምስል ራሱን ወደቻለበት ፎርማት ቀይሩት። ፋይሉ ይተልቃል፣ ሥራው ግን ይቀላል።

በቃ፣ መጀመሪያ የሚዘገየው የቱ እንደሆነ ለዩ፦ ንባቡ፣ ስሌቱ ወይስ መሶቡ? ገንዘብ ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው።