የአሮጌው ሬዲዮ ጀርባ ሲከፈት

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ዚኒያ በምትባል ከተማ ያለ ሰፊ ሜዳ በአሮጌ ሬዲዮ ይሞላል። ሻጮቹ ከመኪናቸው ኋላ ጠረጴዛ ዘርግተው ያመጡትን ይደረድራሉ፦ ከካርቶናቸው ያልወጡ የብርጭቆ ቱቦዎች፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች፣ የሞርስ መምቻዎች፣ ለአንድ ሰው የሚከብዱ፣ ኮሊንስና ሃሊክራፍተርስ የተባሉ ኩባንያዎች የሠሯቸው መቀበያዎች። ገዢው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያነሣል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ገበያው ሃምቬንሽን ይባላል። የዴይተን ከተማ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር በ1952 አንድ ሆቴል ውስጥ ጀመረው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1964 እስከ 2016 ሃራ አሬና በሚባል አዳራሽና በመኪና ማቆሚያው ላይ ቆየ፤ አዳራሹ ሲዘጋ ወደ ዚኒያ ተዛወረ። ባዶውን የቀረውን ሃራን በ2019 አውሎ ነፋስ ክፉኛ መታው። በዚያ አስፋልት ላይ ከአባታቸው ኋላ ኋላ እየተከተሉ ያደጉ ሰዎች ያረጀውን ጣሪያ ሳይቀር በናፍቆት ያነሡታል።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድና የጥሪ መለያ አውጥቶ በገዛ መሣሪያ ከሩቅ ሰው ጋር መነጋገር ነው፤ ገንዘብ አይገኝበትም። የአዲስ አበባውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ የእነዚህ ሰዎች ገበያ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም እዚህም ሌላው የጣለውን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው አለ። ልዩነቱ፣ ምናለሽ ተራ በርሜሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ዚኒያ ላይ የሚደከመው ግን ሬዲዮው ተመልሶ ያው ሬዲዮ እንዲሆን ነው። ለዚህ ደግሞ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የግድ ነው። ሻጩ ዕቃውን በገንዘብ፣ ዕውቀቱን በነጻ ይሰጣል። ሰዎቹን የሚያስናፍቃቸው በአብዛኛው ይኸው ይመስለኛል።

እስቲ እኛም አንዱን ከጠረጴዛው ላይ እናንሣ። በ1950ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ባለ አምስት ቱቦ ሬዲዮ ይሁን። ጀርባው ሲከፈት አምፖል የሚመስሉ አምስት ብርጭቆዎች ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዱ ሥራ አለው።

መጀመሪያ አንቴናው ነው። የሬዲዮ ሞገድ ሽቦ ሲያገኝ በሽቦው ውስጥ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል፤ ጣቢያው ሩቅ ከሆነ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ነው። በዚያ ላይ አንቴናው የሁሉንም ጣቢያ ሞገድ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ከመካከላቸው አንዱን የሚለይልን የሽቦ ጥቅልልና ተለዋዋጭ ካፓሲተር ነው። ማዞሪያውን ሲያዞሩ የካፓሲተሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ሲገቡና ሲወጡ በዓይን ይታያሉ። ሲገቡ መቀበያው ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፣ ሲወጡ ወደ ከፍተኛው ይሄዳል። ጣቢያ መፈለግ ማለት ይኸው ነው፤ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ እያየ ሊረዳው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ብልሃት የአሜሪካዊው መሐንዲስ የኤድዊን አርምስትሮንግ ነው፤ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓሪስ ውስጥ በውትድርና ላይ ሳለ የደረሰበት። ጣቢያዎቹ እያንዳንዳቸው የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ስላላቸው ሁሉንም እኩል የሚያጎላ ማጉያ መሥራት ከባድ ነበር። አርምስትሮንግ ሬዲዮው ራሱ አንድ ሞገድ እንዲያመነጭና ከውጭ ከመጣው ጋር እንዲያደባልቀው አደረገ። ጣቢያው 1000 ኪሎኸርዝ ላይ ከሆነ ሬዲዮው 1455 ያመነጫል፤ ልዩነቱ 455 ነው። ጣቢያው 700 ላይ ከሆነ 1155 ያመነጫል፤ ልዩነቱ አሁንም 455። ማዞሪያው የጣቢያ መምረጫውንና ሬዲዮው የሚያመነጨውን ሞገድ አብሮ ስለሚያንቀሳቅሳቸው የትኛውም ጣቢያ ቢመጣ ወደዚያችው ወደ 455 ይለወጣል። የቀረው የሬዲዮው ክፍል ይህችን አንዲት ፍሪኩዌንሲ ብቻ አሳምሮ እንዲያጎላ ይስተካከላል። በሬዲዮ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚያምር መፍትሔ አላውቅም። ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙ መቀበያዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቱቦ ያደባልቃል፤ ሁለተኛው 455ቱን ያጎላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ከሞገዱ ለይቶ ያወጣና ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ አራተኛው ስፒከሩን ለማንቀጥቀጥ የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። አምስተኛው ከግድግዳው የመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ሌሎቹ ያለዚያ አይሠሩም።

ሬዲዮው ሲከፈት ወዲያው የማይናገረው ለምንድን ነው? ቱቦው ሙቀት ስለሚያስፈልገው ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ሽቦው ካቶድ የተባለውን ክፍል ያሞቃል፤ ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይነሡና ፊት ለፊት ወዳለው ባለ ፖዘቲቭ ሳህን ይበራሉ። በመካከላቸው የሽቦ ወንፊት አለ። በዚህ ወንፊት ላይ የሚደረግ ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ትልቁን የኤሌክትሮን ፍሰት ይጨምረዋል ወይም ይቀንሰዋል። ደካማው ኃይለኛውን ማዘዝ ቻለ ማለት ነው፤ ማጉላት የሚባለው ይህ ነው። ወንፊቱን በ1906 የጨመረው ሊ ዲ ፎረስት ነበር። ካቶዱ እስኪግል ታዲያ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ብርጭቆዎቹ ቀስ በቀስ ብርቱካናማ ይሆናሉ፣ እምም የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የሰው ድምፅ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ነገር ግን የእነዚህ አምስት ቱቦዎች ሒሳብ ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ ወደ 120 ቮልት ነው። የቱቦዎቹ ማሞቂያ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው 12፣ 12፣ 12፣ 50 እና 35 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ። ደምሩት፦ 121። አምራቾቹ አምስቱን በአንድ መስመር ቀጥለው በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰኳቸው፤ ውድና ከባድ የሆነው ትራንስፎርመር ቀረ፣ ሬዲዮውም ረከሰ፣ ደሀ ቤት ገባ። ዋጋ የተከፈለበትም አለ። አንዱ ማሞቂያ ከተቃጠለ አምስቱም ይጠፋሉ። ይባስ ብሎ በብዙዎቹ ውስጥ የብረት አካሉ በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ነው፤ የፕላስቲክ ማዞሪያው ወልቆ የብረቱን ዘንግ በጣት የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሬዲዮ ከአሜሪካ ገዝቶ አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ የሚሰካ ሰው ደግሞ ቱቦዎቹን በቅጽበት ያጣቸዋል።

ትራንዚስተር ይህን ሁሉ ለወጠው። ታኅሣሥ 1947 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ተሠራ፤ በ1954 ሪጀንሲ የተባለው የኪስ ሬዲዮ ገበያ ወጣ። ትራንዚስተር መጋል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሲከፈት ወዲያው ይናገራል፣ በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። መብራት ባልገባበት የገጠር ቤት ሬዲዮ በቀላሉ ሊሰማ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ አገር የብዙ ቤተሰብ የሬዲዮ ትዝታ የቱቦ ሳይሆን የትራንዚስተር ነው፦ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ፣ አንቴናው ሲሰበር በሽቦ የሚቀጠል።

ሩቅ ያለ ጣቢያ ሌሊት ይበልጥ የሚሰማበት ነገርም ምስጢር አይደለም። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የአየር ንብርብር በፀሐይ ብርሃን ምክንያት ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ቀን ቀን የመካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር ይሳሳል፤ ሞገዱ ከዚያ በላይ ወዳለው ንብርብር ይደርስና ወደ ምድር ይመለሳል። አጭር ሞገድ ደግሞ በሰማይና በምድር መካከል እየነጠረ አህጉር ያቋርጣል። ከ1963 እስከ 1977 ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ እስከ እስያ የተሰማው፣ የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭትም ከ1965 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ቤቶች የገባው በዚህ መንገድ ነው። ድምፁ እየራቀ እየቀረበ የሚመጣው ንብርብሩ ራሱ ስለማይረጋ ነው።

በቱቦ ዘመን ሰው ሬዲዮውን በገዛ እጁም ይሠራ ነበር። ሚሺጋን ውስጥ የነበረው ሂዝኪት ኩባንያ ዕቃውን በትኖ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ይልክ ነበር፤ መመሪያው እያንዳንዱን ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚበየድ ይነግራል፤ ገዢው እያንዳንዱን ሥራ ሲጨርስ ምልክት ያደርግበታል። ይህን ዓይነቱን ሽያጭ በ1992 አቆመ። በሃምቬንሽን ጠረጴዛዎች ላይ ከሚገኙት ውስጥ እኔ የማከብረው አንድ የማይታወቅ ሰው ማታ ማታ በብየዳ ካውያ የሠራውን ሂዝኪት ነው፤ ብየዳው ውብ ባይሆንም ሠሪው የገባውን ነገር ሠርቷል።

ስልካችን ከዚያ ሬዲዮ እጅግ የበለጠ ይሰማል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ውስጡን ከፍቶ ይህ ይህን ያደርጋል ብሎ ለልጅ ማሳየት ግን አይቻልም።

ወላጆችዎ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አሮጌ ሬዲዮ ካለ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ለዓመታት የቆሙ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ያጥራሉ፣ ደኅናውንም ቱቦና ትራንስፎርመር ይዘው ይሄዳሉ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጡት እነርሱ ናቸው፤ ቱቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆነው ይገኛሉ። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተር ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ሰው ስለሚጎዳ ሥራው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በየከተማው አሁንም ካውያቸውን ያላስቀመጡ አንጋፋ የሬዲዮ ጠጋኞች አሉ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች በአቅራቢያቸው ያለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ላይም አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኢቲ 3 ኤኤ በሚል የጥሪ መለያ የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለ። ሬዲዮውን ይዘው ሲሄዱ ልጅዎን አብረው ይውሰዱ፤ ጠጋኙ ጀርባውን ሲከፍት ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይጠይቅ።