«ሽብርን ለመከላከል» ተብሎ የሚሸጥ ስለላ

የስለላ ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች ሲጠየቁ መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ የምንሸጠው ለመንግሥታት ብቻ ነው፣ ዓላማውም ሽብርን መከላከል ነው። እዚህ መቀሌ፣ ሓወልቲ ሆኜ ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ታህሳስ 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። ላኪው የሚያውቁት ሰው ይመስላል፤ ፋይሉም ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ የቀረበ ነው። ሲከፈት ግን ጽሑፍ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አንዴ ከገባ የይለፍ ቃል ይሰርቅ፣ የስካይፕ ጥሪ ይቀዳ፣ ካሜራ ይከፍት ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ መርምሮ የሚላኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሥራ መሆኑን አረጋገጠ።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ወጣ። የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ደንበኛው እንደነበር፣ ሂሳቡም 1 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ታየ። እኔን ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ የሠራተኞቹ ኢሜይል ነው። ያበሳጫቸው ጋዜጠኛ መሰለሉ አልነበረም፤ ደንበኛው በጥንቃቄ ጉድለት ስማቸውን ማስነሳቱ ነበር። ውሉን በአዲስ ቅድመ ሁኔታ ስለመቀጠል ይመካከሩ ነበር።

ታዲያ አሸባሪው ማን ነው? እሱን የሚወስነው ገዢው ነው። በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረት ፓርላማው በ2003 ዓ.ም. ተቃዋሚ ድርጅቶቹን ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን አሸባሪ አለ። በ2010 ዓ.ም. ሦስቱንም ከአሸባሪ ዝርዝር ሰረዘ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ያንን አዋጅ ያወጣውን መንግሥት ይመራ የነበረው ህወሓት ራሱ፣ በተተኪው አዋጅ መሠረት፣ አሸባሪ ተባለ፤ የትግራይን ጦርነት ካቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ስያሜው ተነሣለት። በመሃል ስያሜው ከድርጅቱ አልፎ ተራው ሰው ላይ ሲለጠፍ አይተናል። ያኔ ኢሳት ላይ የተሠራው በደል መሆኑን መቀሌ ሆኖ መናገር ለአንዳንዱ ይከብደው ይሆናል፤ እኔ ግን በደል ነበር እላለሁ።

በሕግ መጠየቅም ከባድ ነው። ኮምፒውተሩ የተሰለለበት የሜሪላንድ ነዋሪ ኢትዮጵያን አሜሪካ ውስጥ ከሶ ነበር። ድርጊቱ ከአሜሪካ ውጭ ስለተጀመረ አገሪቱ ያለመከሰስ ጥበቃ አላት ተብሎ ክሱ በ2009 ዓ.ም. ወደቀ። በዚያው ዓመት የእስራኤሉ ኩባንያ የሳይበርቢት የስለላ መሣሪያ የኦሮሞ አክቲቪስቱን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ሲሠራ ነበር። ማጥመጃው የተቃውሞ ሰልፍ ቪዲዮ ነበር፤ ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አድሱ ይል ነበር፣ የሚጫነው ግን ሰላዩ ፕሮግራም ነበር።

ዛሬም ቪዲዮ ለማየት መጀመሪያ ይህን ጫኑ የሚል ሊንክ ከመጣላችሁ አትንኩት። ላኪው ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ደውሉለትና እሱ መላኩን በድምፁ አረጋግጡ።