ከጸሎት ጠብ የተወለደው የእምነት መግለጫ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1637 በኤድንብራ ቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን፣ የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ፈቃድ ያለበት አዲስ የጸሎት መጽሐፍ መነበብ ሲጀምር ምእመኑ በጩኸት አቋረጠው። ጄኒ ጌዴስ የተባለች ሴት በርጩማዋን ወርውራለች የሚለው ትውፊት ነው፤ ሁከቱ ግን እውነት ነው። በዓመቱ ስኮትላንዳውያን ሃይማኖታቸውን ሊጠብቁ በቃል ኪዳን ፈረሙ፤ ነገሩም ወደ ጦርነት አመራ።

በሽማግሌዎች የሚተዳደሩትን የፕሮቴስታንት አማኞች፣ የፕሪስቢቴሪያኖችን፣ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ማንበብ የሚሻ ሰው ከዚህ ቢነሣ ይበጀዋል። መግለጫው ብዙ ጊዜ እንደ ደረቅ የትምህርት ዝርዝር ይታያል። ከበስተጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ሕይወት ያለው ነው፤ ሰው እግዚአብሔርን እንዴት ያምልክ? ሥርዓቱንስ ማን ይደንግግለት?

ሥሩ ከዚያም ይርቃል። በዤኔቭ ከተሐድሶ መሪው ካልቪን ዘንድ የሰነበተው ጆን ኖክስ፣ በ1560 ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር የስኮትላንድን የእምነት መግለጫ ጽፏል፤ የስድስቱም ስም ጆን ነበር።

በ1643 የእንግሊዝ ፓርላማ ከንጉሡ ጋር እየተዋጋ ሳለ ሊቃውንትን በለንደን ዌስትሚንስተር ሰበሰበ። አሌክሳንደር ሄንደርሰንና ሳሙኤል ራዘርፎርድን የመሳሰሉ ስኮትላንዳውያን ጥቂት ቢሆኑም ድምፃቸው ከባድ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ጉባኤው ያዘጋጀው የአምልኮ መመሪያ በ1645 ሲታወጅ፣ 33 ምዕራፎች ያሉት የእምነት መግለጫ የተጠናቀቀው በ1646 ነው።

መመሪያው ስለ ምን እንደሚጸለይ በሰፊው ያሳያል እንጂ አገልጋዩን በተጻፈ ቃል አያስረውም። በየአምልኮው ከብሉይም ከሐዲስም አንዳንድ ምዕራፍ እንዲነበብ ይመክራል። ፊደል ያልቆጠረ በበዛበት ጉባኤ መዝሙረ ዳዊት መስመር በመስመር እየተነበበ እንዲዘመር መፍቀዱ በተለይ ያስደስተኛል፤ ያልተማረው ምእመን ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር ታስቦለታል። በጌታ እራት ላይ ግን ብርቱ ክርክር ነበር። ስኮትላንዳውያን ምእመኑ ወደ ማዕዱ ቀርቦ ይቀመጥ ሲሉ፣ ከእንግሊዛውያኑ አንዳንዶቹ በየቦታው ሆኖ ይቀበል አሉ። የጸደቀው ቃል ሁለቱንም የሚያስማማ ሆነ።

ይህ ሁሉ በመግለጫው 20ኛና 21ኛ ምዕራፎች ይሰማል። ኅሊና ከእግዚአብሔር በቀር ጌታ እንደሌለው፣ አምልኮም በሰው ፈጠራ ሳይሆን በቅዱስ ቃሉ እንደሚመራ ያስተምራሉ።

የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መግለጫውን በ1647 ተቀበለች፤ በእንግሊዝ ግን በ1660 ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ የጉባኤው ሥራ ተሻረ። ባሕር ማዶ በ1729 የፊላደልፊያ ሲኖዶስ ተቀበለው። ትውፊቱ ወደ ኢትዮጵያም ዘልቋል፤ ከአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያኖች የተላከው ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ወለጋ ሳዮ ደረሰ። ከዚያ ሚሲዮን የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሕዳለች።